ስሜን ተራሮችን በእግር፦ ጉዞው የሚታቀደው ከሌሊቱ ነው

ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት በሁለት ሹራብ፣ በአዲስ ጫማና በብዙ ጉራ ነበር። ቀኑን እንደምንም ተወጣሁት። ግጭ በሚባለው የድንኳን ሰፈር ማታ ልተኛ ስል ግን የተከራየሁት ስሊፒንግ ባግ ዚፑ ከወገቤ በላይ አልዘጋ አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ካልሲ በእጄ አጥልቄ ንጋትን እየጠበቅሁ ነበር። ሲነጋ ድንኳኑ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ከራስጌዬ ያስቀመጥኩት ሃይላንድ አፉ ላይ በረዶ ሠርቷል።

የዚያን ቀን የእግሬ ጡንቻ ደህና ነበር። መራመድ ያቃተኝ ስላልተኛሁ ነው። ያልተኛ ሰው ቁርስ አይበላም፣ ይነጫነጫል፣ እርምጃውን ይስታል። ስለዚህ ስሜን ልሂድ የሚል ወዳጅ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው «የት የት ታድራለህ? በምን ትተኛለህ?» ነው። የቀኑ መንገድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን መመሪያም በዚያው መንፈስ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት። የአማራ ክልል ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ከጎንደር ደባርቅ ያለው መንገድ እንዴት እንደሆነ በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትም አረጋግጡ። ጥሩ መልስ ካላገኛችሁ ጉዞውን አቆዩት።

መቼ፣ ስንት ሌሊት

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ክረምቱን፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴን እርሱት። ዝናብ፣ ጭጋግና ጭቃ ስለሚበዛ ገደሉን እንኳ አታዩትም። ለእኔ ምርጡ ጥቅምት ነው። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም አልረገፈም፣ የጅንባር ፏፏቴም ሙሉ ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጥምቀትን ጎንደር አክብረው ወደ ስሜን የሚሻገሩ ብዙ ናቸው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለበዓል የሚመጡ ወገኖቻችንም እንዲሁ። በዚያ ሰሞን በቅሎና አስጎብኚ ቶሎ ያልቃል፤ ቀድማችሁ አስይዙ።

ስንት ሌሊት ለሚለው ሁለት ምርጫ አለ። ሦስት ሌሊት ካላችሁ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ታድራላችሁ። ከአምስት እስከ ስድስት ሌሊት ካላችሁ ከጨነቅ ወደ አምቢቆ ወርዳችሁ ራስ ዳሸንን ትወጣላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ሦስቱ ይበቃችኋል ባይ ነኝ። ቆንጆው ገደል፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ዋልያው ሁሉ ያለው እዚያው ነው። ራስ ዳሸን ስሙ ይስባል። ባንኩም ቢራውም በእሱ ተሰይሟል፣ ተራራውን በዓይናችን ያየን ግን ጥቂት ነን። መንገዱ ረጅም ነው፣ ዕይታው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ከምትደርሱበት ከእሜት ጎጎ ጫፍ አይበልጥም።

እግርና ሳንባ

ከጉዞው አንድ ወር ተኩል ቀደም ብላችሁ በሳምንት ሦስት ቀን መራመድ ጀምሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ እንጦጦ አለላችሁ። ከሽሮ ሜዳ ተነስታችሁ ማርያም ድረስ ያለ ዕረፍት መውጣት ከቻላችሁ ለስሜን አትሰጉ። ቁልቁለቱንም ተለማመዱ። ጉልበት የሚያልቀው ሲወርዱ ነው። የምትሄዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ተለማመዱ። የእኔ አዲስ ጫማ የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ ተረከዜን ልጦታል። አብረውን የነበሩት እስካውት፣ የታጠቁ አጃቢያችን፣ ገና ደባርቅ ላይ ጫማዬን አይተው «አዲስ ነው እንዴ?» ብለውኝ ነበር። አዎ ስላቸው ዝም አሉ። እሳቸው ያደረጉት ኮንጎ፣ የፕላስቲክ ጫማ ነበር።

ከዝቅተኛ ቦታ የምትመጡ፣ ለምሳሌ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን፣ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በማግስቱ ተራራ አትውጡ። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ከዚያ ደባርቅ አንድ ሌሊት። ደባርቅ ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ለመለማመጃ ትሆናለች።

ሻንጣው

ከሌሊቱ ጀምሩ ብያለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ መኝታ።

ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስለናል። ድንኳን ውስጥ ግን የሚገድላችሁ ከሥር የሚመጣው ነው። ምድሩ ሙቀታችሁን ይመጥጠዋል። ጥሩ ስሊፒንግ ባግ ኖሯችሁ ፍራሽ ከሌላችሁ ባዶ ነው። ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ሁለት ደርባችሁ አንጥፉ። ስሊፒንግ ባጉ ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ብርድ የሚችል ይሁን። ጎንደርም ደባርቅም የሚከራይ አለ። ስትከራዩ እዚያው ቆማችሁ ውስጡ ግቡ፣ ዚፑን እስከ አገጫችሁ ዝጉ፣ ክፈቱ፣ ድገሙት። ሰው ያያል ብላችሁ አትፈሩ። እኔ አፍሬ ነው ያን ሌሊት ያሳለፍኩት።

ጋቢ ያዙ። ይከብዳል፣ ግን የሚሸከመው በቅሎ ነው። ማታ እሳት ዳር ለመቀመጥም፣ ስሊፒንግ ባጉ ላይ ለመደረብም የሚተካው የለም። ጠላቱ እርጥበት ነውና በፌስታል ጠቅልሉት።

ለልብስ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ሰልባጅ ተራ ብትዞሩ ደህና የሱፍ ሹራብና ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት በርካሽ ታገኛላችሁ። የጥጥ ቲሸርት በላብ ከራሰ አይደርቅም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለመኝታ ብቻ የምትለብሱት አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስና ካልሲ ለይታችሁ አስቀምጡ። ቀን ምንም ብትበሰብሱ፣ ምንም ቢበርዳችሁ እንዳትነኩት። የሱፍ ኮፍያና ጓንት፣ የግንባር ባትሪ ከተለዋጭ ድንጋይ ጋር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሰፊ ባርኔጣ። ፀሐዩን አትናቁት። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ማቃጠሉ አይታወቅም፣ ማታ አፍንጫችሁ ሲላጥ ነው የምትነቁት።

አንድ የብረት ኮዳ የግድ ነው። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ደባርቅ

ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ይኬዳል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ያለዚያ ቢሮ ምንም አይጀመርም። የመግቢያና የድንኳን ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፣ እስካውት ይመደብላችኋል። እስካውት የታጠቀ የአካባቢው ሰው ነው፣ ያለ እሱ መግባት አይፈቀድም። ዋጋው ስለሚቀያየርና ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ የዕለቱን ጠይቁ። መታወቂያ እንዳትረሱ።

አስጎብኚ፣ አብሳይና በቅሎም በዚያው ከማኅበሮቻቸው በወረፋ ይገኛሉ። በጀት ከጠበበ አብሳዩን መተው ይቻላል፣ በቅሎውን ግን አትተዉ። በ3,600 ሜትር ላይ 15 ኪሎ መሸከም ጀግንነት አይደለም። ለእያንዳንዱ በቅሎ ምን ያህል ጭነት እንደሚፈቀድ ጠይቁና ከዚያ አታሳልፉ። ባለ በቅሎው ሲጭን አጠገቡ ቁሙ። ሻንጣችሁን ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት፤ ከዝናቡም ከገመዱም ያድነዋል። ውሃ፣ ጃኬትና የምትበሉትን ነገር በትንሽ ቦርሳ ጀርባችሁ ላይ ያዙ። በቅሎዎቹ በሌላ መንገድ ስለሚሄዱ ቀን ላይ አታገኟቸውም።

ሒሳቡን እዚያው በግልጽ ጨርሱ። ቀኑ ስንት ነው? የመመለሻው ቀንስ ይታሰባል? ምግባቸውን ማን ይችላል? እስካውትና ባለ በቅሎ የራሳቸውን ስንቅ ይይዛሉ ይባላል፤ በተግባር ግን ማታ ድስቱ ሲወጣ እነሱን ትቶ የሚበላ ሐበሻ የለም። ስለዚህ ስንቁን ስትገዙ እነሱንም ቁጠሯቸው። ጥሬ ብር በትንንሽ ኖት ያዙ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም አይሠራም።

ስንቅ

ፈረንጆቹ ፓስታና የታሸገ ሾርባ ይጭናሉ። እኛ ለተራራ የተፈጠረ ምግብ አለን፣ የሚያስታውሰው ሰው ግን ትንሽ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም። ቆሎ ኪስ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይቆረጠማል። ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ጾም ካልሆነ ደግሞ ቋንጣ። ጭኮ ለብርድ የሚያህለው የለም፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ማንኪያ ስትበሉ ሌሊቱን ሙሉ ሰውነታችሁን ያሞቀዋል። ሽሮም ተስማሚ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል።

ባቄላና ሽምብራ ግን ተዉት። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ፍላቱ ትኩስ አይደለም። 3,600 ሜትር ላይ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥራጥሬ ሁለት ሰዓት ተጥዶ ጥርስ ይሰብራል፣ ከሰልና ጋዙም ያልቃል። ማገዶ ከጫካው መልቀም ክልክል መሆኑንም አትርሱ። እንጀራ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይሆናል፣ ከዚያ ድርቆሽ አድርጋችሁ ያዙ።

በጾም ወቅት የምትሄዱ ከሆነ የምግቡን ዓይነት መጾም ይቻላል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መውጣቱን ግን አልመክርም። የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ።

መንገዱ

*አንደኛ ቀን፣ ሳንቃበር።* ከደባርቅ በመኪና እስከ ቡይት ራስ ሂዱ። ከዚያ ወርዳችሁ በገደሉ አፋፍ በእግር ወደ ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ገደማ። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያስኬዳል። በመኪና እስከ ሰፈሩ መድረስ ይቻላል፣ አታድርጉት። ይህ ቀን የተሠራው ሰውነት እንዲለምድ ነው። ጭላዳዎቹንም የምታገኙት እዚሁ ነው። በመቶዎች ሆነው ሣር ሲነጩ መሀላቸው መቀመጥ ይቻላል። ምግብ አትስጧቸው፣ አትንኳቸውም። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ቆይታችሁ እዩዋቸው። ልጆቻቸውን አዝለው አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ነብርና ጅብ የማይደርስበት ጠባብ የድንጋይ ደረት ላይ ነው የሚያድሩት። እነሱም ቀናቸውን የሚያቅዱት ከማደሪያቸው ነው።

*ሁለተኛ ቀን፣ ግጭ።* ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት። መሀል ላይ የጅንባር ፏፏቴን ከማዶ ሆናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዳችሁ ዳገቱን ትያያዙታላችሁ። የአስታ ዛፍ ጫካው እያለቀ የጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ይጀምራል። ጅብራ ብቻውን የቆመ ጠባቂ ይመስላል፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ ነው። የድሮው የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ሣሩ አገግሟል። የድንኳን ሰፈሩ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ከጉዞው ሁሉ ቀዝቃዛው ሌሊት ለእኔ ይሄ ነው፣ ሜዳ ስለሆነ ንፋሱን የሚጋርድ የለም። የድንኳናችሁን በር ንፋሱ ከሚመጣበት አዙሩት።

*ሦስተኛ ቀን፣ ጨነቅ።* ረጅሙና ውቡ ቀን። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ ጠዋት 12 ተኩል ላይ ተነሱ። መጀመሪያ እሜት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር። በሦስት በኩል ገደል ነው፣ አፋፉ ላይ ለሰልፊ አትጠጉ። ንፋሱ በድንገት ይገፋል። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ እንደገና ወጥቶ እናትዬ፣ 4,070 ሜትር። ከእናትዬ እስከ ጨነቅ ቁልቁለት ነው፣ ዱላ ያስፈልጋል። ጨነቅ እንደደረሳችሁ ወዲያው አትተኙ። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ስሜን ብቻ ነው፣ ደህና አድርጎ የሚታየውም ጨነቅ አካባቢ፣ ጠዋትና ወደ ማታ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ ማየት የዕድል ጉዳይ ነው።

ሦስት ሌሊት የያዛችሁ ከጨነቅ በማግስቱ በመኪና ትመለሳላችሁ። መኪናውን ደባርቅ ሳላችሁ ቅጠሩ፣ እዚያ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ጊዜ ካላችሁ ጠዋት ቧሒትን ውጡት፣ 4,430 ሜትር።

*ራስ ዳሸን ለሚሉ።* ከጨነቅ በቧሒት ትከሻ 4,200 ሜትር ላይ ተሻግራችሁ፣ መሸሃ ወንዝ ድረስ 2,800 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ፣ 3,200 ሜትር። ያን ሁሉ ወርዶ እንደገና መውጣት ያናድዳል፣ አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት። በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ትነሳላችሁ። ደርሶ መልስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። መጨረሻው ላይ በእጅም ጭምር የሚወጣ ቋጥኝ አለ። ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ነው የሸመደድነው፣ አሁን የሚጠቀሰው ግን 4,550 ነው። አናቱ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ከፊት ለፊት ያለው ጫፍ የሚበልጥ ይመስላል። አይበልጥም፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል። መመለሻው በዚያው መንገድ ሁለት ቀን ነው።

ሌሊቱን ማለፍ

ሰፈር እንደደረሳችሁ፣ ገና ላባችሁ ሳይቀዘቅዝ፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ያን ለይታችሁ ያስቀመጣችሁትን ደረቅ ልብስ ልበሱ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለማለት አይደለም፣ ከመጥለቋ በፊት። ብርዱ የሚመጣው እንደ መብራት ጥፋት በአንዴ ነው።

እራት በጊዜ ብሉ። ከዚያ ውሃ አፍሉና ኮዳችሁን ሙሉት። የሃይላንድ ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ይኮማተራል፣ ለዚህ ነው ብረት ያልኩት። ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ገልብጣችሁ እንደማያፈስ አይታችሁ፣ ወፍራም ካልሲ ውስጥ ክተቱት። መጀመሪያ እግራችሁ ሥር አድርጉት። እግር ሲሞቅ በጭናችሁ መካከል አምጡት። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ለብ ይላል። ጠዋት ደግሞ ያልቀዘቀዘ የመጠጥ ውሃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የስልክ ባትሪም ብርድ ይጨርሰዋል፣ አብሯችሁ ይተኛ።

ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አፍና አፍንጫችሁን ከታችሁ አትተንፍሱ፣ ውስጡ ይረጥባል። ሽንት ሲመጣ ሳትቆዩ ውጡ። ይዞ መቆየት እንቅልፍ ይነሳል እንጂ አያሞቅም። በነገራችን ላይ ግጭ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሰማዩን ማየት ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው።

አረቄ ያሞቃል የሚባለውን ተዉት። ቆዳን ያሞቃል፣ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ግን ያስወጣል፤ እንቅልፍም ያበላሻል። ደባርቅ ስትመለሱ ጠጡት።

ድንኳን ጨርሶ የማይሆንላችሁ ከሆነ ቡይት ራስና ሊማሊሞ ላይ ሎጆች አሉ። ዋጋቸው ከበድ ይላል። እዚያ እያደሩ ቀን ቀን ብቻ መራመድ ይቻላል፣ ግጭ ግን ያመልጣችኋል።

ከፍታው ሲያም

ቀላል ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። ውሃ ጠጡ፣ እረፉ፣ በዚያው ከፍታ እደሩ። ምልክቱ ሳይጠፋ ግን ወደ ላይ አትቀጥሉ። አንድ ሰው ቁጭ ባለበት ካለከለከ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። እስኪነጋ አይባልም። ሳንቃበርና ጨነቅ የመኪና መንገድ ይደርሳቸዋል። ግጭ አይደርሰውም፣ በበቅሎ ወደ መንገዱ መውረድ ግድ ነው። ይህን ገና ስትነሱ ከአስጎብኚያችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያይ አይነሳ። ዳያሞክስ የሚባለው የከፍታ ሕመም ክኒንም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ ነው።

በርቱ ብሎ ደካማውን ሰው መግፋት የጓደኛ ሥራ አይደለም። ከሁሉም ቀርፋፋው ከፊት ይሂድ፣ ሌላው በእሱ ልክ ይራመድ።

የቀሩት

የወንዝ ውሃ ቢጠራም አፍልታችሁ ወይም በውሃ አጋር አክማችሁ ጠጡ፤ ከላይ ከብት አለ። ቆሻሻችሁን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ደባርቅ መልሱ። የሙዝ ልጣጭም ቆሻሻ ነው፣ በዚያ ብርድ ቶሎ አይበሰብስም፣ ጭላዳውንም ያስለምዳል። በመንገድ የምታገኟቸው እረኛ ልጆች ብር ቢጠይቁ አትስጡ። ሰላምታ ስጡ፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ካመጣችሁ ለትምህርት ቤቱ አስረክቡ።

ደባርቅ ስትደርሱ ለባለ በቅሎውና ለእስካውቱ ጉርሻቸውን በየእጃቸው ስጡ፣ በአንድ ሰው በኩል አትላኩ። ኮንጎ ያደረጉት ጋሼ ሲሰናበቱኝ ጓንቴን አውልቄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ለበቅሎው ይሁን?» አሉኝ። ከዚያ ሁለታችንም ስቀን፣ እሳቸው ኪሳቸው ከተቱት።